አይሪሽ ወልፍሀውንድን «የጥበቃ ውሻ ነው» ብሎ ለሚሸጥላችሁ ገንዘባችሁን አትስጡ

እኔ ተሸውጃለሁ፤ ቢያንስ እናንተ እንዳትሸወዱ።

ሻጩ ቡችላውን ሲያሳየኝ «ተኩላ ገዳይ ዘር ነው፣ ሲያድግ ግቢህን ዝንብ አያልፈውም» አለኝ። ተኩላ ማደኑስ እውነት ነው። ግን አየርላንድ ውስጥ ተኩላ ከጠፋ ከ200 ዓመት በላይ ሆኗል፤ ዘሩ ራሱ ሊጠፋ ጫፍ ደርሶ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከሌሎች ግዙፍ ውሾች ጋር እየተዳቀለ ነው የተረፈው። የዛሬው ወልፍሀውንድ ሰው ወዳድ ነው፣ በቃ። ቧንቧ ሊጠግን የመጣ፣ አይቶት የማያውቀው ሰውዬ ተንበርክኮ ብሎን ሲፈታ፣ የኔው «ጠባቂ» ከኋላው ሄዶ አገጩን ትከሻው ላይ ጣል አደረገ። ሰውየው መፍቻውን እንደያዘ ደርቆ ቀረ። ውሻው ጭራውን ይቆላል።

«ቀን እሰረው፣ ማታ ፍታው፣ ኃይለኛ ይሆናል» የሚለውንም ምክር አትስሙ። ይሄ ውሻ ከሰው ተነጥሎ ሲታሰር ይከፋዋል እንጂ አይጀግንም። ኃይለኛ የሚሆነው የሚሮጥ ነገር ሲያይ ብቻ ነው፤ በዓይኑ የሚያድን ዘር ስለሆነ ድመት ካየ መጥራታችሁን አይሰማም፣ ስለዚህ ደህና አጥር ከሌላችሁ ይቅርባችሁ።

የባሰው የምግቡ ነገር ነው። «ካልሲየም ጨምርለት፣ በደንብ አስሩጠው» ተባልኩ፣ እኔም ታዛዥ ሆንኩ። የእንስሳት ሐኪሙ ሲሰማ ራሱን ያዘ። ወንዱ ሲያድግ ቁመቱ ትከሻው ላይ ቢያንስ 79 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱ ከ54 ኪሎ በላይ ይሆናል፤ እድገቱም ከአንድ ዓመት በላይ ይቀጥላል። በዚህ ጊዜ ትርፍ ካልሲየም አጥንቱን ያበላሻል፣ ሩጫ ማስገደድና ደረጃ ማመላለስ ደግሞ መገጣጠሚያውን ይጎዳል። ለግዙፍ ዘር ቡችላ የተዘጋጀ ምግብ ይበቃዋል። እሱም ቢሆን ኪስ ይቦረቡራል።

ዕድሜውን ደግሞ ማንም አልነገረኝም። ብዙዎቹ ከ6 እስከ 8 ዓመት ነው የሚኖሩት። የልብ በሽታና የአጥንት ካንሰር ይበዛባቸዋል። ሆዱ ተነፍቶ፣ ለማስመለስ እየታገለ ምንም ካልወጣው ደግሞ ጨጓራው ተጠምዝዞ ሊሆን ይችላል፤ እስኪነጋ አትጠብቁ፣ በዚያው ሰዓት ሐኪም ጋ ውሰዱት።

ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት የወላጆቹን የልብ ምርመራ ውጤት ጠይቁ፣ የቡችላውን የጉበት ምርመራም እንዲሁ። እናቱን በዓይናችሁ እዩ። እኔ ስጠይቅ «ሌላ ቦታ ናት» አለኝ፣ ያኔውኑ ዞር ብዬ መሄድ ነበረብኝ።

በኋላ ደውዬ ስወቅሰው «አንተ ነህ ያሰነፍከው» አለኝ። ትናንት ደግሞ ሌላ ቡችላ ለጥፏል። ከሥሩ «አስፈሪ ጠባቂ» ይላል፣ እናትየው አሁንም የለችም።