ያጠረችውን ኮምቢያችንን ወደ ልኳ ለመለሱልን ባለሙያ ምስጋና

ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ! አብረውዎት ለሚሠሩት ልጆችም ዕድሜና ጤና ይስጥልን። እ.ኤ.አ. በ1972 የተሠራችው ቮልስዋገን ኮምቢያችን ዛሬ ሙሉ ርዝመቷን ይዛ፣ በሯ በአንድ እጅ እየተዘጋ ስናያት በስልክ ያልናችሁ ምስጋና አልበቃን ስላለ በአደባባይ ልደግመው ፈለግኩ። አሮጌ ቫን ያላችሁ፣ በተለይ ቦዲዋን ለማስረዘም ወይም ለማሳጠር የምታስቡ ሰዎች ደግሞ እኚህን ሰው ሳታማክሩ ላሜራዋን እንዳታስነኩ አደራ እላለሁ።

ኮምቢዋን ስንገዛት አጭር ነበረች። ከእኛ በፊት የያዛት ሰው ለመልክ ብሎ ከመሃሏ ግማሽ ሜትር ያህል አስቆርጦ፣ ፊቷንና ኋላዋን አገጣጥሞ አስበይዷታል። ተንሸራታቹ በር የነበረበት ቦታ በላሜራ ተደፍኖ በስቱኮ፣ ማለትም ጎድጓዳ ላሜራ በሚሞላበት ሊጥ፣ ተለስኗል። አጭር ኮምቢ የሚወድ ብዙ ሰው አለ፤ በወጉ ከተሠራች ታምራለች፣ ጠባብ ቦታ ላይ ለመዞርም ትቀላለች። የእኛዋ ግን ፍሬን ሲያዝ በአፍንጫዋ ትደፋለች፣ ጉብታ ስታልፍ ደግሞ ወደ ኋላ ትንጋለላለች። ምክንያቱን ያስረዱን ጋሼ ናቸው። ከፊት ጎማ መሃል እስከ ኋላ ጎማ መሃል ያለው ርቀት ከፋብሪካ ስትወጣ 2400 ሚሊሜትር ነው፤ ይህ ልክ እ.ኤ.አ. በ1950 ከተመረቱት ከመጀመሪያዎቹ ጀምሮ በ1967 በመጣውም ትውልድ አልተለወጠም። ርቀቱ ባጠረ ቁጥር ፍሬን ሲያዝ ከኋላ ወደ ፊት የሚሸጋገረው ክብደት ይጨምራል። የእኛዋ ሁለት ሜትር እንኳ አትሞላም ነበር።

መጀመሪያ ሊያዩዋት ሲመጡ የያዙት አንዲት ማግኔትና የእጅ ባትሪ ብቻ ነው። ቀለሙን እንዳይቧጭረው ማግኔቷን በጨርቅ ጠቅልለው በጎኗ ላይ ቀስ እያሉ ጎተቷት። ላሜራ ባለበት ትይዛለች፤ ስቱኮ ላይ ስትደርስ ትለቃለች። እየለቀቀች የሄደችበትን መስመር በጠመኔ ሲከተሉት የቀድሞው ሰው የት የት እንደቆረጠ ቁልጭ ብሎ ወጣ። ከዚያ ከሥር ገብተው ተንጋለሉና ብዙ ቆዩ። ሲወጡ ያሉት ይሄን ነው፦ «የላዩ አያሳስበኝም፤ የሚያሳስበኝ የታቹ ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮምቢ እንደ ጭነት መኪና ራሱን የቻለ፣ ቦዲው ከላዩ የሚነሳ ሻንሲ የላትም። ከወለሉ ሥር ሁለት ባለ ሣጥን ተሸካሚ ብረቶች ከፊት እስከ ኋላ ይሄዳሉ፤ ወለሉ፣ የጎን ደፉ፣ ጎኑና ጣሪያው በሙሉ ከነሱ ጋር ተበይዶ ክብደቱን አብሮ ይሸከማል። ስለዚህ መሃሏን የቆረጠ ሰው ላሜራ ብቻ ሳይሆን አከርካሪዋንም ነው የቆረጠው። በእኛዋ ላይ ሁለቱም ተሸካሚዎች በአንድ መስመር ተቆርጠው፣ ውስጣቸው ምንም ድጋፍ ሳይገባ ጫፍ ለጫፍ ተበይደው ነበር። ልጆቼን ጭኜባት እንደነበር ሳስበው እስካሁን ይዘገንነኛል።

ጋሼ ከዚያው ትውልድ ፊቷ ተጋጭቶ የተጣለች ኮምቢ አፈላልገው፣ መሃሏን ከነተንሸራታች በሯ፣ ከነሐዲዱና ከነተሸካሚ ብረቱ አመጡልን። እኔ አሁን መቁረጥ ይጀመራል ብዬ ስጠብቅ እሳቸው ልኬት ውስጥ ገቡ። መኪናዋን በውሃ ልክ አስተካክለው በጠንካራ መደገፊያ ላይ አስቀመጧት። በየበሩ ክፍት ቦታ ቱቦላሬ እያገዳደሙ በየዱ፤ ሲቆረጥ ቦዲው እንዳይከፈትና እንዳይዞር ነው። ከሥሯ ካሉት ነጥቦች ቱምቢ (ጫፉ ላይ ክብደት ያለው ክር) እያወረዱ ሲሚንቶው ላይ ምልክት አደረጉ። ከዚያ ከግራ ፊት እስከ ቀኝ ኋላ፣ ከቀኝ ፊት እስከ ግራ ኋላ ለኩ፤ ሁለቱ እኩል ካልመጡ መኪናዋ ጠማማ ናት። አዲሱ መሃል ገብቶ ገና ሳይበየድ እንደገና ሲለካ የሦስት ሚሊሜትር ልዩነት ተገኘ። ረዳታቸው «ሦስት ሚሊ ምን ታደርጋለች ጋሼ?» አላቸው። «እዚህ ሦስት ሚሊ ናት። በሩ ጋ ስትደርስ ጣት ታስገባለች» ብለው ሁሉንም አስፈቱት። እኔ ያን ቀን ነው ልቤ ሙሉ በሙሉ ያረፈው።

ብየዳውም እንደዚያው ነው። የወለሉ፣ የጎኑና የጣሪያው መቁረጫ አንድ መስመር ላይ እንዳይውል አፈራርቀው ነው የቆረጡት። በተሸካሚዎቹ ውስጥ ልካቸው የሆነ ብረት ከተው፣ በላዩ ቀዳዳ እየበሱ በየቀዳዳው ከውስጡ ጋር በየዱት፣ መጋጠሚያውንም ዙሪያውን ዘጉት። የጎን ላሜራው ውፍረት ወደ አንድ ሚሊሜትር የሚጠጋ ስለሆነ ሙቀት ከበዛበት ይሸበሸባል። ስለዚህ በሲኦቱ (በጋዝ በሚሠራው የሽቦ ብየዳ) እዚህ ጋ ትንሽ ነክተው ወደ ሌላው ጫፍ ይሄዳሉ፣ የመጀመሪያው በራሱ ጊዜ እስኪበርድ ይጠብቃሉ። ውሃ ደፍቶ ማቀዝቀዝ የሚባል ነገር እሳቸው ጋ የለም። ከጎኗ የሚያልፈው የላሜራ እጥፋት ከፊት እስከ ኋላ ሳይሰበር ሄዷል፤ ስቱኮ የገባው ለስሙ ያህል ነው።

ሞተሯ ከኋላ ስለሆነ ሹፌሩ የሚነካው ነገር ሁሉ ከወለሉ ሥር ረጅም መንገድ ይሄዳል፦ የማርሹ ዘንግ፣ የፍሪሲዮኑ፣ የነዳጁና የእጅ ፍሬኑ ካቦ፣ የፍሬን ዘይቱ ቱቦ፣ የማሞቂያው አየር መተላለፊያ። ስታጥር የማርሹ ዘንግ ተቆርጦ ተበይዶ ነበር፤ ማርሽ አልገባ እያለ ሲያስቸግረን የኖረው ለካ በዚህ ነው። አብሯቸው የሚሠራው መካኒክ ሁሉንም በሙሉ ርዝመታቸው ተካ። ወደ ፋብሪካ ልኳ በመመለሷ ለዓመቷ የተሠራ የኮምቢ ዕቃ ይገጥማታል። ከፋብሪካው በላይ ማስረዘም የሚፈልግ ሰው ግን እያንዳንዱን በልክ ማሠራት አለበት፤ ለመዞርም ሰፊ ቦታ ትፈልጋለች፣ ጉብታ ላይም ሆዷ ይነካል። ጋሼ ይህን ለመጣው ሁሉ ሥራውን ከመቀበላቸው በፊት ይናገራሉ። ሥራ እንዳያመልጣቸው ብለው አይሸፍኑም፤ በጣም ያከበርኳቸው በዚህ ነው።

ከመቀባቷ በፊት ጠርተው አሳዩን። «ከተቀባ በኋላማ ሁሉም ቆንጆ ነው፤ አሁን እዩት» አሉን። ብየዳው ከውስጥም ከውጭም ባዶውን ታየ፣ የተሸካሚዎቹ ውስጥ ሳይቀር ዝገት መከላከያ ተረጭቶበታል። በሞተሩ ክፍል ውስጥ የተመታውን የሻንሲ ቁጥር አልነኩትም፤ በየደረጃው ያነሱትን ፎቶም ለምርመራ ይሆናችኋል ብለው ሰጡን። እናንተም ከማስቆረጣችሁ በፊት ተሽከርካሪ የሚመዘግበውን ክፍል ጠይቁ፤ የአካል ለውጥ ሳያስፈቅዱ ሠርቶ መገኘት ጣጣው ብዙ ነው።

በሩስ? ተንሸራታቹ በር ከላይ፣ ከታችና ከጎን በሦስት ሐዲድ ነው የሚሄደው፤ ቦዲው ጥቂት እንኳ ከተጣመመ አንዱ ጋ ይያዛል። የእኛው ከነጎማ ማሸጊያው ሳይንገጫገጭ ይሄድና ቀጭ ብሎ ይዘጋል።

አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ጋሼ አይቸኩሉም። በአንድ ጊዜ የሚይዙት አንድ መኪና ነው፣ ተራ መጠበቅ አለ። የወንበር ልብስ እና የኤሌክትሪክ ሥራ አይቀበሉም፤ ለዚያ ሌላ ሰው ይጠቁሟችኋል። ስማቸውንና ስልካቸውን እዚህ መለጠፍ ስላልፈለግኩ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አገናኛችኋለሁ። ስትጽፉልኝ የመኪናችሁን ዓመተ ምሕረትና ከሥሯ የተነሳ ፎቶ አብራችሁ ላኩ፤ መጀመሪያ የሚጠይቁት እሱን ነው።