ያገለገለ በአፈሙዝ የሚጎርስ ጠመንጃ ስንት ይገባዋል? ሃውከን፣ ግሬት ፕሌንስ፣ የድሮ ሲቪኤና ኢንላይን ጎን ለጎን

ብዙ የአሜሪካ ስቴቶች ባሩድና እርሳሱን ከፊት በአፈሙዝ በኩል ለሚጎርስ ጠመንጃ ብቻ የተለየ የአደን ወቅት አላቸው። በኮሎራዶ፣ በቨርጂኒያ ወይም በሚኒሶታ ለሚኖር አበሻ አዳኝ ይህ ወቅት ጥሩ ዕድል ነው፤ ባገለገለ ጠመንጃ መጀመርም ያዋጣል። ችግሩ፣ ከሩቅ ሲታዩ መንትያ የሚመስሉ ሁለት ጠመንጃዎች አንዱ 400 ዶላር ሲገባው ሌላው ለመለዋወጫ ካልሆነ 100 ዶላር የማይገባው መሆኑ ነው። ልዩነቱ ያለው ላንቃው፣ ማለትም እርሳሱ የሚያልፍበት የብረት ቱቦ ውስጥ ነው። ስሙ፣ ናሱና እንጨቱ ዋጋ የሚጨምሩት ላንቃው ደህና መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ ብቻ ነው።

እዚህ የምንሰጣቸው ዋጋዎች ከሰው ወደ ሰው ሽያጭ ግምት ናቸው። ሱቅ ትርፉን ይጨምራል፤ ከአደን ወቅት በፊት ባሉት ሳምንታት ደግሞ ሁሉም ይወደዳል። መግዛት የሚሻለው ወቅቱ አልፎ ሰው ዕቃውን ሲያራግፍ፣ ከጥር በኋላ ነው።

ቶምሰን ሴንተር ሃውከን

ቶምሰን ሴንተር የሚባለው ኩባንያ ይህን ጠመንጃ በ1970 ለገበያ አቀረበ፤ ለአሥርት ዓመታት የተሠራውም ኒው ሃምፕሻየር፣ ሮቸስተር ከተማ ነው። ባገለገለ ገበያ ላይ የሌሎቹ ዋጋ የሚለካው ከእሱ ጋር ነው። ላንቃው 28 ኢንች ርዝመት ያለው ባለ ስምንት ማዕዘን፣ እንጨቱ ዋልነት፣ ማስጌጫው ናስ፣ ምላጩ ሁለት ነው። የውስጡ ቦዮች በ48 ኢንች አንድ ዙር ይጠመዘዛሉ። ይህ መካከለኛ ልክ ስለሆነ በጨርቅ የተጠቀለለ ድቡልቡል እርሳስም፣ ረዘም ያለ ሙሉ እርሳስም ይተኩሳል። ለአንዱ ብቻ የተሠራ ላንቃን ያህል በትክክለኛነቱ ባይጠራም ለጀማሪ ነፃነት ይሰጣል። ላንቃው ንጹሕ የሆነ 50 ካሊበር (ካሊበር የላንቃው የውስጥ ስፋት ልክ ነው) ከ350 እስከ 450 ዶላር ተገቢ ነው። 54 ካሊበር ትንሽ ይበልጣል፤ ባሩዱን በባልጩት ብልጭታ የሚያቀጣጥለው ዓይነትም እንዲሁ። ባለቤቱ ከጥሬ ዕቃ ገጣጥሞ የጨረሰው ከሆነ ግን ዋጋው ይወርዳል፤ እንጨቱ ከብረቱ ጋር እኩል ካልተላገ፣ ናሱ ላይ የሞረድ ጭረት ከቀረ፣ ፋብሪካ የጨረሰው አይደለም።

የዚህ ጠመንጃ ትልቅ ጥቅም፣ ላንቃው በአንዲት ሽብልቅና በግርጌው መንጠቆ ብቻ የተያዘ መሆኑ ነው። ሽብልቁ ሲወጣ ላንቃው ተነሥቶ ይወጣል፤ ስለዚህ ላንቃው የሞተበት ጠመንጃ በሌላ ያገለገለ ላንቃ ይድናል። ሲተካ ግን ስፋቱ መመሳሰል አለበት። የ50 ካሊበሩ ሃውከን ላንቃ ከገጽ እስከ ገጽ 15/16 ኢንች ሲሆን፣ የ54ቱና ሬኒጌድ የሚባለው ወንድሙ አንድ ሙሉ ኢንች ናቸው። ወፍራሙ ቀጭኑ እንጨት ውስጥ አይገባም።

ላይማን ግሬት ፕሌንስ

ላይማን የሚባለው ኩባንያ ሲያስመጣው የነበረ፣ ኢንቬስታርም በሚባል የጣሊያን ፋብሪካ ሲሠራ የኖረ ነው። በ1800ዎቹ ሴንት ሉዊስ ውስጥ ይሠሩ የነበሩት የሃውከን ወንድማማቾች ጠመንጃ መልክ ከሁሉም በላይ የሚታየው እዚህ ላይ ነው፦ ረጅም 32 ኢንች ላንቃ፣ በናስ ፋንታ ብረት፣ በአንዲት ፋንታ ሁለት ሽብልቅ። ቦዮቹ በ60 ኢንች አንድ ዙር ስለሚዞሩ ልኩ ለድቡልቡል እርሳስ ነው፤ በእሱ ደግሞ ከሃውከኑ ይሻላል ብለን እናምናለን። ረጅም እርሳስ ለሚፈልግ ግን ግሬት ፕሌንስ ሃንተር የሚባለው አለ፤ የእሱ በ32 ኢንች አንድ ዙር ነው። ሁለቱ ከውጭ ስለሚመሳሰሉ ሻጩ ራሱ የትኛው እንደያዘ ላያውቅ ይችላል። ንጹሑ ከ400 እስከ 550 ዶላር ይገባዋል።

ዕድሜውን ከላንቃው ላይ ማንበብ ይቻላል። የጣሊያን የፍተሻ ማኅተም ዓመቱን በትንሽ ሣጥን ውስጥ በሁለት የላቲን ፊደላት ያስቀምጣል፤ አሠራሩ የሚጀምረው በ1975 ሲሆን የዚያ ዓመት ምልክት ሁለት ጊዜ የተደገመ የመጀመሪያው ፊደል ነው። ሻጩ «ከመቶ ዓመት በላይ የሆነው የአያቴ ጠመንጃ ነው» ካለና ማኅተሙ ይህ ከሆነ፣ የጥንታዊነት ዋጋ አይክፈሉ።

የድሮ ሲቪኤና ትራዲሽንስ፣ ባለ ጎን መዶሻ

የእነዚህ ሁለት ኩባንያዎች የድሮ ጠመንጃዎች አብዛኞቹ የስፔን ሥራ ናቸው። ላንቃቸው ብዙውን ጊዜ ደህና ይተኩሳል፤ ርካሽነታቸው የሚታየው በእንጨቱና በመዶሻው አሠራር ላይ ነው። ከ120 እስከ 220 ዶላር ይበቃቸዋል። ካፑ፣ ማለትም መዶሻው ሲመታው እሳት የሚሰጠው ትንሽ ቆብ፣ የሚቀመጥበት ኒፕል የሚገባው ከላንቃው ጎን በተሰካ ትንሽ ከበሮ ላይ በሆነባቸው ሞዴሎች ከበሮው መላላቱን በጣት እየገፉ ይዩ። ከላላ፣ የተኮሰው ጋዝ በጥርሱ በኩል ይወጣል፤ እዚያ ላይ ድርድር የለም፣ ይተውት።

ከሲቪኤ ኢንላይኖች (ቀጥሎ ከምናየው ዘመናዊ ዓይነት) አንድ ፈጽሞ መገዛት የሌለበት ቡድን አለ። በ1995ና በ1996 የተሠሩ፣ የመለያ ቁጥራቸው በ95 ወይም በ96 የሚያልቅ ኢንላይኖች በ1997 ከገበያ እንዲመለሱ ተጠርተዋል። ምክንያቱ የላንቃው ደህንነት ነው። ስለዚህ በ50 ዶላርም አይግዙ፤ በስጦታም ቢሆን አይተኩሱት።

ኢንላይን

እሳቱ ከባሩዱ በቀጥታ ከኋላ የሚነሣበት ዘመናዊው ዓይነት ነው፤ ቶኒ ናይት በ1985 ባወጣው ኤምኬ-85 ገበያውን ያዘ። የዛሬዎቹ፣ ለምሳሌ ሲቪኤ ኦፕቲማ፣ በ28 ኢንች አንድ ዙር ያላቸው፣ 209 የሚባለውን የሾትገን ፕራይመር (እሳት አስነሺ) የሚጠቀሙና የርቀት መነጽር የሚሸከሙ ናቸው። ለሥጋ ብቻ ለሚያድን፣ ርጥብ አየር ላለበት አካባቢ ምርጫው ይህ ነው።

ዋጋው ግን ሌላ ሕግ አለው። ሃውከን ዋጋውን ይይዛል፤ ኢንላይን እንደ ስልክ ይወርዳል። ስለዚህ የአዲሱን ዋጋ በዕለቱ ይመልከቱና ለንጹሕ ያገለገለ ከ50 እስከ 60 በመቶ ይስጡ። ሻጩ የጨመረውን ርካሽ መነጽር ከ20 ዶላር በላይ አይቁጠሩለት። ዋናው ነገር የኋላ መዝጊያው፣ ብሪች ፕለግ የሚባለው ነው። ፊትዎ ፈትቶ እንዲያሳይዎ ይጠይቁ። «ትንሽ ጠበቅ ብሏል» የሚል መልስ ማለት ለዓመታት አልተፈታም፣ ጥርሱም ከጥቀርሻ ጋር ተጣብቋል ማለት ነው። ካልተፈታ ላንቃውን ከኋላ ማየትም ማጽዳትም አይቻልም፤ ያኔ ዋጋው የመለዋወጫ ዋጋ ነው። ከተፈታ በመሃሉ ያለውን የእሳት ቀዳዳ ይዩ፤ ክብነቱን ካጣና ከሰፋ አዲስ መዝጊያ ከ25 እስከ 45 ዶላር ነው፣ ያንን ይቀንሱ።

ከማንኛውም ነገር በፊት፦ ጎርሶ ይሆን?

ያገለገሉ በአፈሙዝ የሚጎርሱ ጠመንጃዎች አንዳንዴ እንደጎረሱ ይሸጣሉ፤ ባሩድ ደግሞ ደርቆ ከተቀመጠ ለብዙ ዓመታት አይሞትም። እርሳስ የሚገፋበትን ዘንግ እስከ መጨረሻው ይስደዱ፣ በአፈሙዙ ልክ በጣት ይያዙ፣ አውጥተው ከላንቃው ጎን ያጋድሙት። ጫፉ ኒፕሉ ወይም የእሳት ቀዳዳው ካለበት ቦታ መድረስ አለበት። ሁለት ሦስት ኢንች ከቀረው ውስጡ ባሩድና እርሳስ አለ። ይህ ሳይደረግ ምላጭ አይነካም፣ ዓይንም ወደ አፈሙዝ አይቀርብም።

የላንቃው ፍተሻ

ትንሽ የላንቃ መብራት፣ የራስዎን ጠንካራ ዘንግ፣ የጥጥ ጨርቆችና ትንሽ አልኮል ይዘው ይሂዱ። በደረቅ ጠባብ ጨርቅ ይጀምሩ። ቢጫማ ወይም ቡናማ ሆኖ የሚቀባ የድሮ ቅባት ነው፣ አያስፈራም። ቀይ ዱቄት ዝገት ነው። ጨርቁ በክር በክር ተበጥሶ ከወጣ፣ ዝገቱ ብረቱን በልቶ ስለታም ጠርዝ ትቷል። የባሩድ ጥቀርሻ ከአየር ርጥበት ይስባል፤ ፓይሮዴክስ የሚባለው የባሩድ ምትክ ደግሞ ፐርክሎሬት ስላለበት ትራፊው ጨው ነው፣ ሳይታጠብ የቀረ ላንቃን በጥቂት ቀናት ይበላል። ስለዚህ «በፓይሮዴክስ ብቻ ነው የተተኮሰው» የሚል ማስታወቂያ የሚያጽናና አይደለም።

ዘንጉ ሲገፋ እጅዎ የሚሰማውን ያዳምጡ። ከላይ እስከ ታች እኩል መጥበቅ አለበት። አንድ ቦታ ላይ በድንገት ላላ ብሎ ወዲያው ከጠበቀ ላንቃው ቀለበት አውጥቷል። ይህ የሚሆነው እርሳሱ ባሩዱ ላይ ሳይደርስ መሃል ቀርቶ ሲተኮስ ነው፤ ግፊቱ እዚያ ቦታ ላይ ብረቱን ያሳብጠዋል። በላንቃው ውጭ ገጽ ላይ ቀጥ ያለ ማስመሪያ ቢያጋድሙ ብርሃን ሲያሾልክ ይታያል። ቀለበት ያወጣ ላንቃ አይጠገንም።

የዝገቱ ቦታም ዋጋውን ይለውጣል። በመሃል ያለ ቀላል ጠቃጠቆ ብዙ ጊዜ ጨርቁ ይሸፍነዋል፤ ከ20 እስከ 25 በመቶ ይቀንሱ። አፈሙዙ ጫፍ ላይ ያለ ጥልቅ ጉድጓድ እርሳሱን በመጨረሻው ቅጽበት ስለሚያስተው ግማሹን ዋጋ ይወስዳል። ግርጌው ላይ ያለው ደግሞ የሚጨስ ትራፊ ያስቀራል፤ በቀጣዩ ጉርሻ ጊዜ ባሩድ ሊያቀጣጥል ስለሚችል በጥንቃቄ ይታይ። ላንቃውን በአዲስ ቱቦ ማስለበስ ወይም ከ50 ወደ 54 ማስፋት ይቻላል፤ ወጪው ከመላኪያው ጋር ተደምሮ ርካሽ ጠመንጃ ላይ አያዋጣም።

ቦዩ በስንት ኢንች እንደሚዞር ለማወቅ፣ እጀታው በነፃነት የሚሽከረከር ዘንግ ላይ ጠባብ ጨርቅ ያስሩና ምልክት አድርገው ይሳቡ። ዘንጉ ሩብ ዙር ለመዞር የተጓዘውን በ4 ያባዙ። 12 ኢንች ከሄደ በ48፣ 15 ከሄደ በ60፣ 8 ከሄደ በ32 አንድ ዙር ነው። ሁለቱን ግሬት ፕሌንሶች የሚለየው ይህ ነው።

መዶሻና ምላጭ

ባዶ መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ መዶሻውን ወደ ግማሽ ደረጃ ይሳቡ። በአውራ ጣትዎ ይዘው ምላጩን ጫን ይበሉ፤ መውደቅ የለበትም። ሙሉ ደረጃ ላይ ደግሞ ከኋላ በመጠኑ ይግፉት፤ ከሸሸ የውስጡ ጥርስ ተበልቷል ወይም ሰው ሞርዶታል። ባዶ ኒፕል ላይ መዶሻ አይጣል፣ ኒፕሉን ያደቅቃል። ሁለት ምላጭ ያላቸው ጠመንጃዎች የኋላውን ስበው የፊቱን ሲነኩ በቀላሉ ይለቃሉ። የተሰናዳው ምላጭ በንዝረት ብቻ ከለቀቀ በፊቱና በኋላው መካከል ያለችውን ብሎን ማስተካከል ይፈታዋል፤ ይህ ዋጋ አያስቀንስም።

ኒፕል ርካሽ ነው፣ ከ5 እስከ 10 ዶላር። ጥርሱ ግን ይለያያል፤ ቶምሰን ሴንተር በኢንች ልክ 1/4-28 ሲሆን፣ የጣሊያንና የስፔኖቹ ባለ 6 ሚሊሜትር ሜትሪክ ናቸው። የተሳሳተውን በኃይል ያስገባ ሰው መቀመጫውን ያበላሸዋል። ስለዚህ ፈትተው ጥርሱን ይዩ።

ባልጩት የሚመታ ከሆነ፣ ባልጩቱ የሚጋጭበት ብረት ላይ ሞረድ ቢያስኬዱ መንሸራተት አለበት፤ ከነከሰ ብረቱ ለስላሳ ነው፣ ብልጭታውም ቀይና ደካማ ይሆናል። የእሳት ቀዳዳው ወደ 1/16 ኢንች ይሁን። በፔንሲልቬንያ ከገና በኋላ ያለው የባልጩት ወቅት ካፕ ያለውን ስለማይፈቅድ እዚያ የባልጩቶቹ ዋጋ ጠንካራ ነው።

እንጨቱ ላይ ከመዶሻው በስተኋላ፣ እጅ የሚይዘው ቀጭን አንገት ላይ ስንጥቅ ይፈልጉ። ጥሩ ተደርጎ ከተጣበቀ ወደ 60 ዶላር፣ ካልተጣበቀ 100 ይቀንሱ።

ስሌቱ

ሻጩ ለ50 ካሊበር ሃውከን 425 ዶላር ጠይቋል እንበል። ላንቃው መሃል ላይ ቀላል ጠቃጠቆ አለው፣ ኒፕሉ ተደቁሷል፣ ዘንጉ ጠፍቷል። ከንጹሑ መካከለኛ ዋጋ ከ400 ይነሡ፤ ለጠቃጠቆው 80፣ ለኒፕሉ 8፣ ለዘንጉ 25 ሲቀነስ 287 ይቀራል። 270 ብለው ይጀምሩ፣ 290 ላይ ይቁሙ። የባሩድ ቀንድ፣ መለኪያና ከረጢት ቢጨመር እስከ 30 ዶላር መጨመር አግባብ ነው፤ የተከፈተ የባሩድ ጣሳ ግን ዋጋ የለውም።

ከመክፈልዎ በፊት ሕጉን

በ1968ቱ የፌዴራል የጦር መሣሪያ ቁጥጥር ሕግ ባሩድ ብቻ የሚጎርስና ቀለህ ያለው ጥይት መጠቀም የማይችል ጠመንጃ እንደ ጥንታዊ ይቆጠራል፤ በፈቃድ ባለው ነጋዴ በኩል ማለፍ በፌዴራል ደረጃ አይጠበቅበትም። ቶምሰን ሴንተር ኤንኮር ግን ላንቃው ሲቀየር ዘመናዊ ጥይት ስለሚተኩስ ከዚህ ውጭ ነው። ኒው ጀርዚን የመሰሉ ስቴቶች ደግሞ የራሳቸው ጥብቅ ደንብ አላቸው። በአደን ደንብም ኮሎራዶ በዚህ ወቅት መነጽርን፣ በፕላስቲክ የተጠቀለለ እርሳስንና ተጨምቆ የተዘጋጀ ባሩድን ትከለክላለች። ስለዚህ ዴንቨርና ኦሮራ ላለ አዳኝ ኢንላይኑ ብልጫውን በአብዛኛው ያጣል፤ ባለ ብረት ማነጣጠሪያ ሃውከን ወይም ግሬት ፕሌንስ ሃንተር በዚያው ገንዘብ ይሻለዋል። ኤልክ ለሚባለው ትልቅ አጋዘን ከሆነ ከ50 ካሊበር በታች አይግዙ።