የአምቦ ድንጋይ ልባስና የውጭ ግድግዳ መብራት፦ ከሁለት ክረምት በኋላ

አዲስ አበባ፣ አያት አካባቢ በማኅበር ተደራጅተን የሠራናቸው ስምንት ተያያዥ ቤቶች የፊት ገጻቸው በአምቦ ድንጋይ የተለበሰ ሲሆን፣ የጎንና የኋላ ግድግዳቸው ኳርትዝ (ደቃቅ የድንጋይ ቅንጣት ያለበት ሻካራ ቀለም) የተቀባ ነው። ዕቃውን የመምረጥ ኃላፊነት የተጣለው በእኔ ላይ ስለነበር፣ ግንባታው ካለቀ ጀምሮ ሁለት ክረምት ሙሉ ግድግዳዎቹንም መብራቶቹንም በቅርብ ተከታትያለሁ።

አምቦ ድንጋይ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ የሚወጣ የአሸዋ ድንጋይ ነው። ቀለሙ ዛሬም እንደ መጀመሪያው ቀን ነው፤ ፀሐይም አላደበዘዘውም። ይሁን እንጂ ድንጋዩ ውሃ ይመጥጣል። በመጀመሪያው ክረምት መጨረሻ ላይ ከመስኮቶቹ ሥር፣ የዝናቡ ውሃ እየተንጠባጠበ በሚወርድበት መስመር፣ ዱቄት የመሰለ ነጭ ነገር ብቅ አለ። በጣቴ ስነካው እንደ ጨው ይረግፍ ነበር። ነገሩ ከጀርባው ካለው የሲሚንቶ ልስን በውሃ ተሸክሞ የወጣ ጨው ሲሆን፣ በውሃ ማጠብ መልሶ ወደ ውስጥ ያስገባዋል፤ እኛ በደረቅ ብሩሽ ጠርገን አስወገድነው። ዋናው መፍትሔ ግን ከመስኮቱ ግርጌ ያለው ድንጋይ ከግድግዳው 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ወጣ ብሎ፣ ከሥሩም ውሃው ወደ ግድግዳው እንዳይመለስ ቀጭን ቦይ እንዲኖረው ማድረግ ነበር። ይህን ባስተካከልንባቸው አምስት ቤቶች በሁለተኛው ክረምት ነጩ ነገር አልታየም፤ በቀሩት ሦስት ቤቶች ግን ተመልሶ መጥቷል። የሚያብረቀርቅ ቫርኒሽ እንድንቀባ ብዙ ሰው መክሮን ነበር፤ እርጥበቱን ውስጥ አፍኖ በኋላ ራሱ ስለሚላላጥ ባለመቀባታችን ደስተኛ ነኝ።

ኳርትዙ በላይኛው ክፍል ምንም አልሆነም። ከመሬት እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ድረስ ግን፣ አሸንዳ በሌለበት ጎን ከጣሪያው የሚወርደው ውሃ መሬት ነጥሮ ጭቃ ስለሚረጨው፣ ቡናማ ሆኗል፤ በሁለት ቦታም ተልጧል።

በጣም ያስተማረኝ መብራቱ ነው። በመጀመሪያ የተሰቀሉት አሥራ ስድስቱ ባለ 7 ዋት ኤልኢዲ መብራቶች 6,500 ኬልቪን፣ ማለትም ወደ ሰማያዊ ያደላ ነጭ ብርሃን የሚሰጡ ነበሩ። ቀን ሞቅ ያለው ድንጋይ ማታ እንደ አመድ ይገረጣ ነበር፤ ባለቤቴ ከግቢው በር ላይ ቆማ «ይኸ የእኛ ቤት ነው?» ያለችኝን አልረሳውም። 3,000 ኬልቪን በሆኑ፣ ማለትም ወደ ቢጫ ያደላ ሞቅ ያለ ብርሃን በሚሰጡ መብራቶች ስንተካቸው የድንጋዩ ቢጫና ቀይ መስመሮች ተመልሰው ታዩ። መብራቱንም ከግድግዳው 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ አርቀን ብርሃኑ ወደ ታች ተንሸራቶ እንዲወርድ ስላደረግን፣ በተጠረበው ድንጋይ ላይ ያለው እያንዳንዱ ጎድጓዳ ጥላ ይዞ ይታያል።

ከአሥራ ስድስቱ ሦስቱ ተበላሽተዋል። አንዱ ጠፍቶ የነበረው የኤሌክትሪክ ኃይል ሲመለስ ተቃጠለ። ሁለቱ ግን ሣጥናቸው ላይ አይፒ 65 (አቧራና የሚረጭ ውሃ አያስገባም ማለት ነው) ተብሎ ተጽፎባቸው ሳለ ውሃ ገባባቸው፤ ስንፈታቸው ገመዱ ከላይ በቀጥታ ስለገባ የዝናቡን ውሃ እየመራ ወደ ውስጥ ሲያስገባ እንደቆየ አየን። አሁን ገመዱ ከመግቢያው ዝቅ ብሎ ታጥፎ ከታች እንዲገባ ስለተደረገ ውሃው ከመታጠፊያው ላይ ይንጠባጠባል። አሥራ ስድስቱ መብራቶች ሌሊቱን ሙሉ ሲበሩ ከ1.3 ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ ይፈጁ ነበር፤ ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ብቻ እንዲበሩ ስለተስማማን ፍጆታው ከግማሽ በታች ወርዷል፤ ከመኝታ ቤት መስኮት ፊት ለፊት ያሉ ጎረቤቶችም እፎይ ብለዋል።

ዝናቡ ሲያባራ በቀሩት ሦስት ቤቶች የመስኮቱን ግርጌ እናስተካክላለን፤ የጎን ግድግዳውንም አሸንዳ ካሰርንለት በኋላ የታችኛውን 60 ሴንቲ ሜትር በጥቁር ድንጋይ እናለብሰዋለን።