የአበባ ሽሮፕ መሥሪያ ጥቅል ልትገዙ ነው? ቆይ አንዴ!

እኔ ከተሸወድኩ በኋላ ነው የምጽፈው፣ እናንተ ሳትከፍሉ አንብቡት። ኦንላይን ላይ «የጽጌረዳ ሽሮፕ በቤትዎ ይሥሩ» የሚል ጥቅል አየሁ። ፎቶው ልብ ይሰርቃል፤ በረዶ የሞላው ብርጭቆ፣ ውስጡ ሮዝ መጠጥ። አዘዝኩ። የመጣልኝ አንድ ከረጢት የደረቀ ጽጌረዳ፣ አንድ ከረጢት ስኳር (አዎ፣ ያው እቤት ያለው ስኳር)፣ ጣት የምታህል ብልቃጥ «የጽጌረዳ ዘይት» እና ባዶ ጠርሙስ ነው።

ስኳሩስ ቢያናድድ ነው። ጉዱ አበባው ላይ ነው። ከረጢቱን ገልበጥ ባደርገው፣ ዓይን በምታጠፋ ጽሁፍ «ለጌጥና ለመዓዛ ብቻ» ይላል። አይጠጣም ማለት ነዋ! ለጌጥ የሚያድግ አበባ ፀረ ተባይ ሲረጭ ሰው ሆድ ይገባል ተብሎ አይታሰብለትም። አጥቤ እጠቀማለሁ እንዳትሉ፤ አንዳንዱ መድኃኒት ተክሉ ውስጥ ስለሚዘልቅ በውሃ አይለቅም። በእቅፍ የሚሸጠው አበባም ያው ነው።

ዘይቱም ላይ «ለምግብ» የሚል ቃል የለም፤ የሽቶ ዘይት ነው። የሚያሳፍረው ግን ጽሁፉን ከማንበቤ በፊት ሠርቼ ቀምሼዋለሁ። ዘይትና ውሃ ስለማይዋሃዱ ከላይ ተንሳፈፈ፣ የመጀመሪያው ጉንጭ ሳሙና ሳሙና አለኝ።

ለሻጩ ጻፍኩ። «የተከፈተ ዕቃ አንመልስም» አለኝ። ካርቶኑን ሳልከፍት ውስጥ ያለውን ከረጢት ጀርባ በምን ላንብበው?

ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት የእያንዳንዱን ከረጢት ጀርባ ፎቶ ጠይቁ። ለምግብ የሚሆን መሆኑ ካልተጻፈበት ተዉት። የተዘጋጀ ሽሮፕ ከሆነም የይዘት ዝርዝሩን እዩ፤ በአብዛኛው ብዛት ያለው ነገር መጀመሪያ ይጻፋል። ስኳር፣ ውሃ፣ ቀለም፣ ማጣፈጫ ብሎ አበባ የሚባል ነገር ከሌለበት፣ የገዛችሁት የአበባ ፎቶ ነው።

«ከርከዴ» (ቀዩ የሻይ አበባ) የሚል ሽሮፕ ከሆነ ደግሞ እቤት መፈተሽ ይቻላል። ትንሽ በውሃ አቅጥኑና ቤኪንግ ሶዳ ጣል አድርጉበት። የከርከዴ ቀይ ወደ ሐምራዊ ወይም ወደ ሰማያዊ አረንጓዴ ይዞራል። ቀይ ሆኖ ድርቅ ካለ በብዛት ሰው ሠራሽ ቀለም ነው። (የሌላ ፍራፍሬ ቀለምም ሊዞር ይችላል፣ ስለዚህ ዞረ ብላችሁ ሙሉ በሙሉ አትመኑት።)

ደግሞ ሥራው ጥቅል የሚያስገዛ አይደለም። 1 ኩባያ ስኳር በ1 ኩባያ ውሃ አሟሙታችሁ ከእሳት ታወርዳላችሁ፣ ሩብ ኩባያ የሚበላ ደረቅ ከርከዴ ትጨምራላችሁ፣ ከድናችሁ 20 ደቂቃ ታቆያላችሁ፣ ታጠላላችሁ፣ አለቀ። ጽጌረዳ ከሆነ አብራችሁ አታፍሉት፣ መዓዛው ከእንፋሎቱ ጋር ይሄዳል። ላቬንደር (ሐምራዊው መዓዛማ አበባ) ውስጡ ብዙ ከቆየ መራራ ያደርገዋል። ሽሮፑ ፍሪጅ ውስጥ እስከ 1 ወር ይቆያል፤ ሻጋታ ካያችሁ ግን ላዩን ገፈፍ አድርጎ መጠቀም የለም፣ ሙሉውን ድፉት።

የእኔ ጽጌረዳ ቁም ሳጥን ገብቷል፣ ልብሴን ጥሩ አሽትቶልኛል። ጠርሙሱን ግን አላማውም፣ ክዳኑ ጥብቅ ነው። አሁን የከርከዴ ሽሮፕ አለበት።