ካስጌቪ፦ ቁርጡ የሰመረ፣ መንገዱ የከበደ ሕክምና

ክሪስፐር በተባለው ጂን ቆርጦ የማረሚያ ዘዴ ከተሠሩ ሕክምናዎች ፈቃድ በማግኘት ካስጌቪን የቀደመው የለም። ብሪታኒያ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2023፣ አሜሪካ ደግሞ በዲሴምበር 8 ሲክል ሴል ለተባለው፣ ቀይ የደም ሕዋስን እንደ ማጭድ ለሚያቆለምም የዘር ሕመም ፈቀዱት፤ ባህሬንና ሳዑዲ ዓረቢያም ብዙ አልዘገዩም። የሚሰጠው ዕድሜያቸው 12 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ ነው።

ብዙ ሰው የታመመውን ጂን የሚያስተካክል ይመስለዋል። አይደለም፤ እሱ እንዳለ ይቀራል። ስንወለድ ደማችን ውስጥ የሚበዛው የፅንስ ሄሞግሎቢን ነው፤ በወራት ውስጥ ግን ቢሲኤል11ኤ የተባለ ጂን ምርቱን ያፍነዋል። ካስ9 የሚባለው ቆራጭ ፕሮቲን ዒላማውን በ20 ፊደል በሚለይ መሪ አርኤንኤ እየተመራ፣ ይህ ጂን በቀይ የደም ሕዋሳት መስመር የሚበራበትን ማብሪያ ይቆርጣል። ሕዋሱ ቁርጡን ሲጠግን የዲኤንኤ ፊደል ይጥላል ወይም ይጨምራል፤ ማብሪያው ይበላሻል፤ የፅንሱ ሄሞግሎቢን ይመለስና ቀይ ሕዋሱ እንደ ማጭድ እንዳይቆለመም ያደርጋል። ድንቅ ሐሳብ ነው፤ ውጤቱም መስክሮለታል፦ በሙከራው ለግምገማ ከበቁት 31 ታካሚዎች 29ኙ ቢያንስ 12 ተከታታይ ወራት ያለ ከባድ የሕመም ቀውስ አሳልፈዋል።

የሚከብደው ከቁርጡ በፊትና በኋላ ያለው ነው። ሃይድሮክሲዩሪያ የተባለው የሕመሙ መድኃኒት ሕዋስ መሰብሰብ ከመጀመሩ ቢያንስ ከ8 ሳምንት በፊት ይቆማል፤ በዚያው ጊዜ ደም መውሰድ ይጀመራል። ከዚያ ፕሌሪክሳፎር የተባለ መድኃኒት ደም የሚያመርቱትን ግንድ ሕዋሳት ከመቅኔ ወደ ደም ያወጣና በማሽን ይለቀማሉ። ለዚህ ሥራ የተለመደው ጂሲኤስኤፍ የተባለው መድኃኒት በሲክል ሴል ታማሚ ላይ ቀውስ ሊቀሰቅስ ስለሚችል አይሰጥም። የሚፈለገው በኪሎ ቢያንስ 20 ሚሊዮን ሕዋስ ነው፤ 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 1.2 ቢሊዮን ማለት ነው። በአንድ ዙር ላይሞላ ይችላል፤ አንዳንዱ እስከ 6 ዙር ተመላልሷል፤ እዚህ ላይ የቀሩም አሉ። ያልተነካ መጠባበቂያም ለብቻው ይቀመጣል፤ የታረሙት ሕዋሳት መቅኔው ውስጥ ካልያዙ የሚመለሰው እሱ ነው።

ሕዋሳቱን አርሞና ፈትሾ ለመመለስ እስከ 6 ወር ይወስዳል። ሲደርሱ ታካሚው 4 ቀን ቡሱልፋን የተባለ ኬሞ ይወስዳል፤ የድሮው መቅኔ ካልጸዳ ለአዲሶቹ ቦታ የለም። ከዜሮ በታች በ135 ዲግሪ የቆየው ብልቃጥ በ37 ዲግሪ ውኃ ይሟሟል፤ ከሟሟ በ20 ደቂቃ ውስጥ ደም ሥር መግባት አለበት። አንዱ ሳያልቅ ሌላው አይሟሟም። ከዚያ 4 እስከ 6 ሳምንት ሆስፒታል መተኛት ነው፦ ነጭ የደም ሕዋስ ተመልሶ እስኪያገግም ወር ገደማ ይፈጅበታል፣ አፍ ይቆስላል፣ ኢንፌክሽን ያሰጋል።

ቡሱልፋን መካን ሊያደርግ ይችላል። እንቁላል ወይም የወንድ ዘር አስቀድሞ ማስቀመጥ የሚቻለው ኬሞው ሳይጀመር ነው፤ ሐኪሙ እስኪያነሳው አትጠብቁ።

በአሜሪካ ዋጋው 2.2 ሚሊዮን ዶላር ነው፤ እዚያው በዚያው ቀን የተፈቀደው ሌላው የሲክል ሴል የጂን ሕክምና፣ ሊፍጄኒያ፣ 3.1 ሚሊዮን። ሊፍጄኒያ ስለ ደም ካንሰር ጥብቅ ማስጠንቀቂያ ተለጥፎበታል፤ ካስጌቪ የለበትም። ስለዚህ በሁለቱ መካከል ከሆነ ምርጫው፣ ካስጌቪ ይሻላል። መቅኔው ሙሉ በሙሉ የሚገጥም ወንድም ወይም እህት ያለው ልጅ ግን በቅድሚያ የመቅኔ ንቅለ ተከላን ይጠይቅ፤ ኬሞው እዚያም አይቀርም፣ ወጪው ግን ከዚህ ጋር አይወዳደርም።