አራት ኪሎ፦ ልጄ የመጀመሪያውን የወጣቶች ልብ ወለድ ያገኘችባት ሱቅ

ልጄ 11 ዓመቷ ነው። ተረት ከሰለቻት ቆየች፤ ክረምቱን ሙሉ “የትልልቅ ልጆች መጽሐፍ ግዢልኝ” እያለች ወጥራ ይዛኝ ነበር። እኔ ደግሞ ፈራሁ። በእንግሊዝኛ ለወጣቶች የሚጻፉት ልብ ወለዶች ከ12 እስከ 18 ዓመት ላሉ ነው የሚባለው። የ12 እና የ18 ዓመት ልጅ በምን ይገናኛሉ? አንዱ ስለ ጓደኛ ኩርፊያ ያወራል፣ ሌላው ራስን ስለ ማጥፋት፤ ሽፋናቸው ግን ያው ነው።

ከወር በፊት አራት ኪሎ ወዳለች አንዲት ያገለገሉ መጻሕፍት መሸጫ ይዣት ሄድኩ። ጠባብ ናት፣ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ደጅ ይጠብቃል። ባለሱቁ ጠና ያሉ ሰው ናቸው። “ጋሼ፣ ለ11 ዓመት ልጅ የሚሆን አለ?” ስላቸው ለእኔ አልመለሱልኝም። ወደ እሷ ዞር ብለው “የኔ ልጅ፣ መጨረሻ ያነበብሽው ምንድን ነው? ጀምረሽ የተውሽውስ?” አሏት። ተዋት፣ አወራች! ከዚያ ሁለት መረጡላት፣ እያንዳንዱ 200 ብር። እሷ ራሷ ያነሳችውን ሦስተኛውን ግን “ይሄ ከሁለት ዓመት በኋላ” ብለው መለሱት፤ ምክንያቱንም ለእሷው ነገሯት፣ ልጅ የሚደበደብበት ከባድ ታሪክ ስላለው ነው። ደንበኛ ሊገዛ የያዘውን የሚያስመልስ ነጋዴ ስንት አለ?

አንድ ማታ ሽንኩርት እየከተፍኩ ጣቷን መጽሐፉ መሃል አድርጋ መጣች። “እማ፣ እናቷ ሞተች። ለምንድን ነው ያላለቀሰችው?” ቢላዋውን አስቀመጥኩ። “አንቺም አያቴ ሲሞት መጀመሪያ አላለቀስሽም” አለችኝ። ያኔ ስድስት ዓመቷ ነበር፣ የምታስታውስ አልመሰለኝም ነበር። እራት ቆየ፣ እኛ ግን አወራን። በሌላኛው መጽሐፍ ደግሞ መሳሳም ያለበትን ምዕራፍ “ይሄ አይመቸኝም” ብላ ዘለለችው። ያልገባትን ትጠይቃለች፣ ያልተመቻትን ታልፋለች። እኔን ያሳመነኝ ይሄ ነው፣ ዕድሜዋ አይደለም።

ለነገሩ ለእኛስ ማን መርጦልን ነበር? በኢትዮጵያ ሬዲዮ “ከመጻሕፍት ዓለም” ወጋየሁ ንጋቱ ሲተርክ ልጅ አዋቂ ሳይባል ቤተሰቡ ሁሉ ነበር የሚያዳምጠው። ግን አጠገባችን የምንጠይቀው ትልቅ ሰው ነበር። የዛሬ ልጅ ክፍሉን ዘግቶ ብቻውን ነው የሚያነበው። ስለዚህ አሁን እኔም ከኋላ ከኋላዋ እያነበብኩ ነው።

ሱቋ ጉድለትም አላት። መደርደሪያው የተደበላለቀ ነው፣ የሕፃናት መጽሐፍ አጠገብ የአዋቂ ወንጀል ልብ ወለድ ታገኛላችሁ። ጋሼ በሌሉበት ቀን ረዳታቸው ሽፋኑን ብቻ አይቶ “የልጆች ነው” ብሎ የሰጠኝን፣ ቤት ገልጬ ሳየው ደንግጬ መልሻለሁ። ሳትገልጡ አትግዙ። በአማርኛ ለዚህ ዕድሜ የሚሆን ሁለት ብቻ ነው ያገኘሁት፣ ይሄ ከልቤ ያሳዝነኛል።

ከመግዛታችሁ በፊት መሞከር ከፈለጋችሁ፣ በ2014 የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት እዚያው አራት ኪሎ ከፓርላማው ፊት ለፊት ነው፣ የልጆች ክፍልም አለው። አብራችሁ ቁጭ ብላችሁ አንድ ሁለት ምዕራፍ አንብቡ።

ሱቋ ያነበባችሁትን ትንሽ ብር አስጨምራ በሌላ ትቀይራለች። እኛም ቅዳሜ አንዱን ይዘን እንሄዳለን። እናቷ የሞተችባትን ልጅ ግን “አልመልሳትም” ብላለች።