ላክፐርምስ፦ ለማይንክራፍት ሰርቨር የፈቃድ ማስተዳደሪያ

ማይንክራፍት የተባለው ጨዋታ ከራሱ ጋር ይዞት የሚመጣው የአስተዳዳሪነት ሥልጣን ከ1 እስከ 4 ባሉ እርከኖች የተከፈለ ሲሆን፣ በመደበኛው ቅንብር «ኦፕ» (ኦፐሬተር፣ ማለትም አስተዳዳሪ) የተደረገ ሰው በቀጥታ 4ኛው እርከን ላይ ስለሚቀመጥ፣ ተጫዋች ከማባረር አልፎ ተጫዋቾቹ የሚገናኙበትን ሰርቨር እስከ መዝጋት ይደርሳል። እኔም ተሳዳቢዎችን እንዲያስወጣልኝ ብዬ ለአንድ ወዳጄ ኦፕ ሰጥቼ፣ ማታ ስመለስ ለጓደኞቹ አልማዝ ሲያድል አግኝቼዋለሁ፤ ጥፋቱ ግን ቁልፉን በሙሉ ያስረከብሁት የእኔ ነበር።

በነፃ የሚገኘውና ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነው ላክፐርምስ የተባለው ፕለጊን (ሰርቨሩ ላይ የሚጫን ተጨማሪ ፕሮግራም) ፈቃዶችን አንድ በአንድ ነጣጥሎ ለቡድን ያድላል። «ረዳት» የሚል ቡድን ፈጥሬ ተጫዋች የማስወጣት ፈቃድ ብቻ ሰጠሁት፤ «ተቆጣጣሪ» ያልሁት ቡድን ደግሞ የረዳቱን ፈቃድ ወርሶ የማገድ ሥልጣን ይጨምራል። ከሁሉ የወደድሁት ጊዜያዊ ፈቃዱን ነው፦ ለ7 ቀን የተሰጠ ሥልጣን ቀኑ ሲሞላ ማንም ሳያስታውሰው በራሱ ይነሳል። በብሮውዘር የሚከፈተው ማስተካከያም ትእዛዝ መጻፍ ለሚከብደው ሰው እፎይታ ነው።

አድካሚው የፈቃዶቹ ስም ነው፤ እያንዳንዱ ፕለጊን የራሱን ስያሜ ስለሚጠቀም ከየመመሪያው መልቀም ያስፈልጋል፣ ምንም እንኳ ትእዛዝ ሲሰጥ የትኛው ፈቃድ እንደተጠየቀ ወዲያው የሚያሳየው መከታተያ ፍለጋውን ቢያቀልለውም። ሁሉን የምትከፍተውን የኮከብ ምልክት (*) ፈቃድ ለማንም አልሰጥም። ላክፐርምስን መጫን ብቻውን የቀድሞ ኦፖችን ሥልጣን ስለማይነጥቅም፣ ኦፕነታቸውን ለብቻው ማንሳት ያስፈልጋል።